ፅንስ ማቋረጥና ከዚያ በኋላ የመውለድ ዕድል

ፅንስ ያቋረጠች ሴት ኋላ ልጅ ለመውለድ ትቸገራለች ወይ የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም ለረጅም ዘመን ሲያወያይ የኖረ ሲሆን፣ መልሱ አንድ ወጥ ሳይሆን የቆየበት ዋነኛው ምክንያት በአንድ ስያሜ ሥር እጅግ የተለያዩ ድርጊቶች መጠቃለላቸው ነው። በሠለጠነ ባለሙያ እጅ፣ በንጹሕ መሣሪያ ወይም በመድኃኒት፣ በእርግዝናው የመጀመሪያ ሳምንታት የሚከናወነው ፅንስ ማቋረጥና በድብቅ፣ ባዕድ ነገር ወደ ማህፀን በማስገባት የሚፈጸመው ማስወረድ በሴቲቱ አካል ላይ የሚያደርሱት ውጤት ፈጽሞ አይገናኝም።

ጉዳቱ ወደ መካንነት የሚያደርስበት ዋናው መንገድ ኢንፌክሽን ነው። ከፅንሱ ወይም ከእንግዴ ልጁ የተወሰነው ክፍል በማህፀን ውስጥ ሲቀር፣ አለዚያም መሣሪያው ጀርም ይዞ ሲገባ፣ ኢንፌክሽኑ ከማህፀን ወደ ቱቦዎቹ ሊዛመት ይችላል። የማህፀን ቱቦዎች የሚባሉት እንቁላልን ተቀብለው ወደ ማህፀን የሚያሻግሩ ሁለት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ሲሆኑ፣ ውስጣቸው ጠባሳ ካበጀ ወይ ጨርሰው ይዘጋሉ፣ ወይም ጠብበው የዳበረውን እንቁላል በመንገድ በማስቀረት ከማህፀን ውጭ ለሚፈጠር፣ ለሕይወት አስጊ ለሆነ እርግዝና ይዳርጋሉ። ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ኖሮባት ምልክት ያላሳየች ሴት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ስለሆነች፣ በመሣሪያ ከሚደረግ ፅንስ ማቋረጥ በፊት አንቲባዮቲክ መስጠት የተለመደ የሕክምና አሠራር ሆኗል።

ሁለተኛው መንገድ በማህፀን ግድግዳ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። የማህፀን ሐኪሙ ጆሴፍ አሸርማን እ.ኤ.አ. በ1948 በዝርዝር የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሕመም፣ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን በጥልቀት ከተፋቀ በኋላ ግድግዳዎቹ በጠባሳ እርስ በርስ ሲጣበቁ የሚፈጠር ሲሆን፣ የወር አበባ ማነስ ወይም መቅረት፣ መካንነትና ተደጋጋሚ ውርጃ ያስከትላል። ይህ ችግር በይበልጥ የሚያያዘው በስለታም ብረት ከሚደረገው፣ በተለምዶ «ጠረጋ» ከሚባለው አሠራር ጋር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህ አሠራር በመምጠጫ መሣሪያ ወይም በመድኃኒት እንዲተካ መክሯል። ጠረጋ በራሱ ጊዜ ለወረደ ፅንስም ሆነ ከወሊድ በኋላ ለቀረ እንግዴ ልጅ ሲደረግ ስለኖረ፣ በአሸርማን ሕመም የተያዘች ሴት ሁሉ አስወርዳለች ብሎ መደምደም ስሕተት ከመሆኑም በላይ ግፍ ነው።

የጥናቶቹም ታሪክ ይህንኑ ልዩነት ያሳያል። ዲሚትሪዮስ ትሪኮፑሎስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት የግሪክ ጥናት፣ አንድ ጊዜ አርግዛ ኋላ መፀነስ አለመቻል፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ መካንነት፣ ካስወረዱ ሴቶች ጋር ጎልቶ ተያይዞ ተገኝቷል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ማስወረድ በአገሪቱ በሕግ የተከለከለ፣ በተግባር ግን የተስፋፋ ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 በዴንማርክ ፅንስ ያቋረጡ፣ ከ11 ሺህ የሚበልጡ ሴቶችን ቀጣይ እርግዝና የመረመረው ጥናት፣ በመድኃኒት ባቋረጡትና በመሣሪያ ባቋረጡት መካከል ከማህፀን ውጭ በሚፈጠር እርግዝናም ሆነ ያለጊዜው በመውለድ ረገድ ልዩነት አላገኘም፤ ያነጻጸረው ግን ሁለቱን ዘዴዎች እንጂ ጨርሶ ካላቋረጡ ሴቶች ጋር እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ዘገባ በሕጋዊ መንገድ የሚደረግ ፅንስ ማቋረጥ ለሁለተኛ ደረጃ መካንነት የመጋለጥን ዕድል እንደማይጨምር ደምድመው፣ በመምጠጫ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ባቋረጡ ሴቶች ላይ ግን የመጀመሪያ ልጅን ከ28 ሳምንት በፊት የመውለድ ዕድል ከፍ ብሎ መታየቱን አመልክተዋል።

በኢትዮጵያ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የፈቀደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ስለነበረ፣ አብዛኛው ማስወረድ በድብቅ ይፈጸም ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝናው ከአስገድዶ መድፈር ወይም ከዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ ለእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደገኛ ሲሆን፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን እንዲቋረጥ ፈቅዷል። ስለዚህ እናቶች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት «ያስወረደች መካን ትሆናለች» የሚል ፍርሃት ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ጎረቤት ወይም እህት ላይ የደረሰውን ያየ ትውልድ ያተረፈው ነው። ስሕተቱ ያ ፍርሃት ዛሬ በጤና ተቋም ለሚሰጠው አገልግሎትም ሳይለወጥ መነገሩ ላይ ነው።

ፍርሃቱ ሌላ ጉዳትም አለው። ያለ ችግር ከተፈጸመ ፅንስ ማቋረጥ በኋላ እንቁላል መውጣት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ይኸውም የወር አበባ ከመታየቱ በፊት ስለሆነ፣ ከእንግዲህ አላረግዝም ብላ የተሰናበተች ሴት ሳታስበው እንደገና ልትፀንስ ትችላለች፤ የወሊድ መከላከያ ምክር በዚያው ቀን፣ ከጤና ተቋሙ ሳትወጣ እንዲሰጣት የሚደረገውም በዚህ ምክንያት ነው።