ጧሪውን ማን ይጠይቀዋል?

በምዕራብ ጎጃም፣ በጃቢ ጠህናንም ሆነ በቡሬ ገጠር፣ አንድ አዛውንት ጉልበታቸው ሲከዳቸው መጀመሪያ የሚያስጨንቃቸው መሬታቸው ነው። ልጆች አጠገብ ካሉ ነገሩ ይቀላል። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ አገር ከወጡ ግን ማሳው በእኩል ይታረሳል። በቆሎው ተፈልፍሎ ሲካፈል ግማሹ የባለመሬቱ ነው፤ ወጉ ይህ ነው። አውድማ ድረስ መሄድ ያቃተው ሰው ግን ግማሹ ስንት ኩንታል እንደሆነ የሚሰማው ከአራሹ አፍ ነው። ዓይን የደከመ እንደሆነማ ተዉት። የአማራ ክልል ትራኮማ እጅግ ከሚበዛባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ብሌናቸውን ሲፍቀው ኖሮ በስተርጅና የሚታወሩት ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ናቸው።

እኩሉ እያነሰ ሲመጣ ቀጣዩ መንገድ መሬቱን ለሚጦር ሰው መስጠት ወይም መናዘዝ ነው። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ፣ የ1998ቱ አዋጅ ቁጥር 133ም ሆነ እሱን የተካው የ2009ኙ አዋጅ ቁጥር 252፣ ስጦታንም ኑዛዜንም ይፈቅዳል። የወንድም ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ አንዳንዴም ባዳ የሆነ ጎረቤት «እስኪሞቱ ልጦር፣ ሲሞቱ ልቀብር» ብሎ ይገባል። የመሬቱ ስፋትና አዋሳኝ በወረቀት ይሰፍራል። መጦር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን የትም አይጻፍም። በቀን ስንት ጊዜ ይበላል? ልብስ ማን ያጥባል? ጤና ጣቢያ በማን ጀርባ፣ በማን ቃሬዛ ይኬዳል? ሌሊት ሽንት ሲመጣ ማን ይነሣል? ጥያቄው የሚነሣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ፣ «አልጦረኝምና ስጦታው ይፍረስልኝ» የሚል ክስ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው። ያኔም ቢሆን ምስክር ሆኖ የሚቆመው ጎረቤት ከወጣቱ ጋር ገና ብዙ ዘመን የሚኖር ሰው ነው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ አረጋውያን ማዕከላት ጥራትና ደኅንነት ሲወራ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ከተማ፣ ወደ ትልልቅ ግቢዎች ይሄዳል። በምዕራብ ጎጃም ግን ትልቁ የአረጋውያን ማዕከል የጧሪው ቤት ነው፤ አልጋው የጭቃ መደብ፣ አንሶላው ጋቢ፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ ይሉኝታ።

ዞኑ ለም መሆኑ ለሽማግሌዎቹ አልበጀም ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሥራ ሳያሠራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። የተቀረጸው ግን ምግብ ሁልጊዜ ለሚያጥራቸው ወረዳዎች ነው፤ በበቆሎው፣ በስንዴውና በበርበሬው ትርፍ አምራች የሚባለው ምዕራብ ጎጃም በአብዛኛው ከዚያ ውጭ ነው። ቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁባት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ መሬታቸው ሳይሆን ራሳቸው ማምረት ያቆሙ ሰዎች በትርፉ ውስጥ ተቆጥረው ቀርተዋል። ጡረታም የደመወዝተኛ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሰው 60 ሲሞላው የሚከፍለው መሥሪያ ቤት የለም። ዕድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ንፍሮ አያሳጣም፤ ሁሉም የሚደርሱት ግን ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ የቀረችውም ቀዳዳ ጠበበች። መንገድ ሲዘጋ ልጅ አይመጣም፤ ስልክና ባንክ ሲቋረጥ ልጅ የላከው ብር አይደርስም፤ የደም ግፊት ክኒን ከፍኖተ ሰላም ከተማ እስኪመጣ ወሩ ያልቃል።

ጧሪ ያጣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሥር ይጠጋል፣ ይመነኩሳል፣ ወይም ወደ ከተማ ይሰደዳል። በአዲስ አበባ ለእንዲህ ያለው ሰው ቀድመው በር የከፈቱት በ1960ዎቹ አጋማሽ የገቡት የማዘር ተሬዛ እኅቶች ናቸው። ዛሬ ስሙ በሁሉ አፍ ያለው ደግሞ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ብንያም በለጠ በቤተሰቦቹ ቤት በጥቂት ሰዎች የጀመረው ሥራ አሁን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዟል፤ ሕዝቡም በልደት፣ በሠርግና በሙት ዓመት ምሳ እያበላ፣ በቀጥታ ሥርጭት ብር እያዋጣ አቁሞታል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክሩ ብዙ ሰው አነሣሥቷል። እኔም ሰውን ከመንገድ ለማንሣት በቂ መሆኑን አምናለሁ። ያንኑ ሰው ለዓመታት አልጋ ላይ ለመንከባከብ ግን አይበቃም።

የአልጋ ቁስልን ብቻ እንይ። በራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ የጭራ አጥንቱ፣ ዳሌውና ተረከዙ ላይ ደም መዘዋወር ያቆማል። መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፤ በጣት ሲጫኑት ቅላቱ አይጠፋም። በዚህ ጊዜ የደረሰ ተንከባካቢ ትራስ አስገብቶ፣ ከእርጥብ አንሶላ አውጥቶ ያድነዋል። ሳይታይ ከቀረ ቆዳው ይከፈታል፤ ቁስሉ እስከ አጥንት ይዘልቃል፤ መርዙም ደም ውስጥ ይገባል። ይህን ለመከላከል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሠለጠነ እጅ፣ ሌሊት የማይተኛ ሰውና ማን መቼ እንደተገላበጠ የሚመዘገብበት ደብተር ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ለሠላሳ ሰው ሲደርሰው ደግነቱ ምንም ያህል ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ አይደርስም። በረጠበ የሲሚንቶ ወለል ተንሸራቶ ዳሌ መስበር፣ ለሙቀት የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ክፍል መታፈን፣ ሳል ያለበትን ሰው ሳይመረምሩ ከሌላው ጋር ማስተኛት፣ እነዚህም እንዲሁ ያለ ውድ መሣሪያ የሚከላከሏቸው ናቸው። አረጋዊንና የአእምሮ ሕመምተኛን በአንድ ግቢ ማኖርም ከችግር የመጣ ነው፤ መንገድ ላይ ሁለቱም አብረው ነበሩና። ክፍሉ፣ የሌሊት ጥበቃውና ሐኪሙ ግን አንድ ሊሆን አይገባም።

ማዕከል የሚከፍት በጎ አድራጊ የሚመዘገበው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። ዓመታዊ ሪፖርት ያቀርባል፣ ሒሳቡን ያስመረምራል፣ አስተዳደራዊ ወጪው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ኦዲተር ደረሰኝ ይቆጥራል፤ ጀርባ ገልጦ ማየት ሥራው አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማዕከላትን እየጎበኘ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፤ ማዘዝ ግን አይችልም። አንድ ክሊኒክ ፈቃድ የሚያገኘው ክፍሉንና ባለሙያውን አሳይቶ ነው። ከክሊኒክ በላይ የደከሙ ሰዎች ዓመት ከዓመት የሚተኙበት ቤት ከዚያ ያነሰ ሊጠየቅ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም።

ግዴታው ደግሞ አለብን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 አረጋውያንን መደገፍ አቅም በፈቀደ መጠን የመንግሥት ኃላፊነት ያደርገዋል። የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2008 ዓ.ም. ያጸደቀው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። አንቀጽ 11 ወደ ማዕከል መግባት በምርጫ እንዲሆን፣ ዋጋውም የሚቻል እንዲሆን፣ በዚያ ያሉት ደግሞ ብሔራዊ ዝቅተኛ መስፈርትን የሚያሟላ እንክብካቤ እንዲያገኙ ያዛል። ደቡብ አፍሪካ ማዕከላት ሁሉ እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ የአረጋውያን ሕግ ያወጣችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማዕከላትን መርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ይለጥፋል፤ ልጅ እናቱን ከማስገባቱ በፊት ያነባል።

የእንግሊዝን መስፈርት ገልብጦ ፍኖተ ሰላም ላይ መለጠፍ ግን ስንፍና ነው። በዕርዳታ ዱቄት የሚኖር ግቢ «መስፈርት አላሟላህም» ተብሎ ቢታሸግ ሰዎቹ የሚመለሱት ወደ ቅጽሩ ሥር ነው። ስለዚህ ብር በማይጠይቀው መጀመር ይሻላል። በሩ ከውጭ አይቆለፍ፤ መውጣት የሚፈልግ ይውጣ። የወደቀ፣ የቆሰለና የሞተ ሁሉ ከነምክንያቱ ይመዝገብ። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነርስ ሳትጠራ ትምጣ፤ ምሳ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሌሊትም። ለጎብኚና ለካሜራ የተዘጋጀ ግቢና በዘወትር ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ግቢ አንድ አይደሉም።

ለጧሪው ቤትም ሰው አለ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር እናትን፣ ሕፃንንና ሽንት ቤትን ትጠይቃለች፤ እርጅና ከመነሻው በፓኬጁ አልነበረም። ቀበሌው የስጦታ ውል ሲመዘግብ ምግቡ፣ ልብሱ፣ ሕክምናውና ማደሪያው በዝርዝር ቢጻፍ፣ አንድ ቅጂም ለእሷ ቢሰጣት፣ በወር አንድ ቀን መደቡ ድረስ ገብታ አዛውንቱን ለብቻቸው ታነጋግራቸዋለች። ለብቻቸው የሚለው ዋናው ነው፤ ጧሪው በተቀመጠበት «ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይስጠው» የማይል ሽማግሌ ጎጃም ውስጥ አይገኝም።