በድካም ቀን ውሻን ስለ ማንሸራሸር

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ውሻና ስለ አንድ ሰነፍ ተማሪ ነው። ሰነፉ ተማሪ እኔው ራሴ ስለ ሆንሁ ስሙን መግለጽ አያስፈልግም።

የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ከአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ካስጠጋችኝ ጀምሮ የቤት ኪራይ አልከፍልም፤ የምከፍለው ዕዳ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ማታ ማታ ከስድስት ኪሎ ስመለስ ቦቢን ከሰንሰለቱ ፈትቼ በገመድ ይዤ ማንሸራሸር ነው። ቦቢ ዘሩ በውል የማይታወቅ፥ ቡናማ፥ ጆሮው የቆመ የግቢ ጠባቂ ነው። በአገራችን ልማድ ውሻ ቀን ይታሰራል፥ ሌሊት ይፈታል። የእኛ ግቢ ግን ጠባብ ከመሆኑም በላይ ጎረቤታችን ዶሮ ስለሚያረባ ቦቢ ሌሊትም አይፈታም። እንግዲህ ከሃያ አራቱ ሰዓት ውስጥ የራሱ የሆነችው ያቺ ግማሽ ሰዓት ብቻ ናት ማለት ነው። ያቺንም የያዝሁበት እኔ ነኝ።

ባለፈው የፈተና ወራት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳላወጣው ቀረሁ። በየማታው ምክንያት ነበረኝ፤ ሁሉም ምክንያት ደግሞ አንድ ነበር፤ «ዛሬ ደክሞኛል»። በሁለተኛው ሳምንት ቦቢ በታሰረበት ግንድ ዙሪያ ሲመላለስ መሬቱን እንደ አውድማ ክብ አድርጎ ፋቀው። በሦስተኛው ሳምንት የፊት እግሩን እያኘከ ጠጕሩን ጨረሰና ቀይ ሥጋ አወጣ። የጎረቤት ዘበኛ በአጥር አሻግረው አይተውት «ተማሪው፥ ይኸ ውሻ ሊያብድ ነው፤ ሳይነክስ ቢወገድ ይሻላል» አሉኝ። አክስቴም ይህን ሰምታ ማታ ራት ስታቀርብልኝ ቀና ብላ ሳታየኝ «ልጄ፥ ወይ አንተ አውጣው፥ ወይ እኔ አስወጣዋለሁ» አለችኝ። ማስወጣት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማናችሁም ማስረዳት አያሻም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ በመታሰር ወይም በንዴት አይመጣም። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ሲሆን፥ የሚተላለፈውም አብዛኛውን ጊዜ በታመመ እንስሳ ንክሻ፥ በምራቁ አማካይነት ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከከተበ ወዲህ ሰውን ከንክሻ በኋላ ማዳን ተችሏል፤ ውሻንም አስቀድሞ መከተብ ይቻላል። ቦቢ በየዓመቱ ይከተባል፤ ካርዱን አክስቴ ከመሬት ግብር ደረሰኝ ጋራ በአንድ ፖስታ አኑራዋለች። ስለዚህ ቦቢ ያበደ አልነበረም፤ ሥራ የፈታ ነበር እንጂ። በአንድ ስፍራ ተዘግቶ ወይም ታስሮ የሚውል እንስሳ አንዱን እንቅስቃሴ ያለ ጥቅም መደጋገሙና የገዛ ሰውነቱን ማኘኩ የእንስሳት ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው። ይህን ለጋሼ ዘበኛ ባስረዳቸው «እንዲህም ከሆነ ጥፋቱ ያንተ ነዋ!» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። በእውነት ደክሞኝ ነበርን? ቀኑን የዋልሁት ተቀምጬ ነው። በታክሲ ተቀምጬ፥ በክፍል ተቀምጬ፥ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ። እግሬ ከመኝታዬ እስከ አስፋልቱ ካልሆነ በቀር የሠራው ሥራ አልነበረም። ነገር ግን ማታ አልጋዬ ላይ ቁጭ ስል እግሬ እንደ እርሳስ ይከብደኛል፤ ይህንንም ለማስመሰል አላደረግሁትም።

ይህን ነገር የሚያብራራ አንድ ምርምር አለ። ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ዐሥራ ስድስት ሰዎችን በሁለት ልዩ ልዩ ቀናት ፈተኗቸው። በአንደኛው ቀን 90 ደቂቃ ሙሉ ከፍ ያለ ትኵረት የሚጠይቅ የኮምፒዩተር ሥራ አሠሯቸው፤ በሌላው ቀን ለዚያው ያህል ጊዜ ስሜት የማይቀሰቅስ ዘጋቢ ፊልም አሳዩአቸው። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ቀን እስኪያቅታቸው ድረስ ከባድ ብስክሌት አስነዷቸው። ፊልም ያዩ ዕለት በአማካይ 754 ሰከንድ ነዱ፤ አእምሯቸው በደከመ ዕለት ግን በ640 ሰከንድ አቆሙ። የሚያስደንቀው ልብንና ትንፋሽን የሚመለከተው ልኬት ይህን ልዩነት የማይገልጥ መሆኑ ነው። ልዩነቱ በስሜታቸው ላይ ነበር፤ አእምሮው የደከመ ሰው ያንኑ ሥራ ገና ከመነሻው ከባድ ሆኖ ያገኘዋል፤ ስለዚህ «አልቻልሁም» ወደሚልበት ደረጃ ቶሎ ይደርሳል።

በበኩሌ ከዚህ የተረዳሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የማታው ክብደት የስንፍና ፈጠራ አይደለም፤ በእርግጥ ይሰማል፤ ስለዚህ ራስን መሳደብ ጥቅም የለውም (እኔ ሦስት ሳምንት ራሴን ስሰድብ ቦቢ አልወጣም)። ሁለተኛ፥ ክብደቱ ስለ እግሬ ምንም አይነግረኝም። እነዚያ ሰዎች እንኳ ደክሟቸው ከዐሥር ደቂቃ በላይ በብርቱ ነድተዋል። እኔን የሚጠብቀኝ ደግሞ በገመድ ይዞ ቀስ ብሎ መራመድ ነው። ከባዱ መራመዱ ሳይሆን መነሣቱ ነው።

በእርግጥ ሌላ ዓይነት ድካም አለ፤ ይህን ከዚያ ጋራ ማምታታት አይገባም። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ያደረ ሰው፥ ትኵሳት ያለበት ሰው፥ በዐቢይ ጾም እህል ሳይቀምስ የዋለና ራሱን የሚያዞረው ሰው በዳገት ላይ ጠንካራ ውሻ ይዞ መውጣት የለበትም። ጾመኛው ይብላ፥ ውኃ ይጠጣ፥ ጥቂት ይቆይ። እንቅልፍ ያጣው ይተኛና በማለዳ ያውጣው። የእኔ የሦስቱ ሳምንት ድካም ግን ከነዚህ ከሁሉ አልነበረም። መለያ መንገዴ ቀላል ነው፦ ጓደኛዬ ደውሎ «ና ኳስ እንይ» ቢለኝ እነሣ ነበር ወይ? እነሣ ነበር።

መነሣት እንዴት ይቻላል? አንዳንዱ ሰው ወኔ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ እኔም ጠብቄ ነበር። ወኔ ግን የሚመጣው ከበር ከወጡ በኋላ ነው፤ ከአልጋ ላይ ለተቀመጠ ሰው አይመጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ለውጥ አልጋውን ከመንገዱ ማውጣት ሆነ። የቦቢን ገመድ ከጓዳ አውጥቼ በውጭ በር ውስጠኛ ገጽ በሚስማር ሰቀልሁት። አሁን በሩን ስከፍት ገመዱ ትከሻዬን ይነካኛል። ቦርሳዬን እዚያው ከበረንዳው ላይ አኖራለሁ፤ ጫማዬን አላወልቅም፤ ቤት ሳልገባ ተመልሼ እወጣለሁ። ጫማ ካወለቅሁ ነገሩ አበቃ።

ይህን እኔ ብቻዬን ያሰብሁት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ፔተር ጎልቪትሰር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 በጻፈው ጽሑፍ በስፋት አስረድቶታል። «ዛሬ ውሻውን አወጣለሁ» ብሎ መወሰን ብቻውን ደካማ ነው ይላል ሐሳቡ ሲጠቃለል፤ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜውንና ስፍራውን አስቀድሞ ማሰር ግን ብርቱ ነው። ምክንያቱም በድካም ሰዓት እንደ ገና መወሰን አያስፈልግም፤ ውሳኔው ጧት በደህናው አእምሮ ተወስኗል። ማታ ፍርድ ቤቱ ዝግ ነው፤ ይግባኝ የለም።

ልማድ እስኪሆን ድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅም የተመረመረ ነገር አለ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን 96 ሰዎችን ተከታትለው፥ አዲስ ተግባር ያለ ብዙ ሐሳብ የሚሠራ እስኪሆን ድረስ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን እንደሚወስድ አገኙ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። እኔን ያጽናናኝ ሌላው ውጤታቸው ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ይህን ያህል አያበላሸውም። የእኔ ሦስት ሳምንት የጀመረው በአንድ ቀን መቅረት አይደለም፤ አንድ ቀን ከቀረሁ በኋላ «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብዬ ሁለተኛውን በመድገሜ ነው።

በዚህ ሥራ ቦቢም ረድቶኛል። ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ውሾች ምግብ ከመምጣቱ በፊት ምልክቱን ሰምተው ምራቃቸውን እንደሚያዘንቡ ማሳየቱን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ቦቢ የቁልፌን ድምፅ ከሰማ ተነሥቶ ሰንሰለቱን ያንኳኳል። ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ደግሞ እጄ ሳላስበው ወደ ገመዱ ይሄዳል። ማን ማንን እንዳሠለጠነ መርምሬ አልጨረስሁም።

አሁን ስለ ሽርሽሩ ርዝመት። ብዙዎች እንደሚያስቡት ውሻ ማንሸራሸር ኪሎ ሜትር መቍጠር አይደለም። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታ የሚቀበሉት ሕዋሳት አምስት ወይም ስድስት ሚሊዮን ያህል ናቸው ሲባል፥ የውሻ ግን ከሁለት መቶ ሚሊዮን እንደሚበልጡ ይገመታል። ለቦቢ የስልክ እንጨት ሥር ማሽተት ለእኛ ጋዜጣ እንደ ማንበብ ነው፤ ማን እንዳለፈ፥ መቼ እንዳለፈ ከዚያ ይረዳል። እኔ ግን ስቸኩል ገመዱን እየሳብሁ ከየገጹ አስነሣው ነበር። አሁን በደከመኝ ቀን ወደ እንጦጦ መውጫ ዳገቱን አልሞክረውም፤ እስከ መታጠፊያው ሄጄ፥ እርሱ በየአጥሩ ሥር እንደ ልቡ ሲያሸት እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ሲያሸት ቆይቶ ሲገባ ውኃውን ጠጥቶ ወዲያው ይተኛል። ስለዚህ የድካም ቀን ሽርሽር አጭር ይሁን እንጂ አይቅር።

ሰፈራችን ግን የራሱ ጣጣ አለው። ፀሓይ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ከእንጦጦ በኩል ጅብ መውረዱ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሚዘገይ ሰው ወደ ጫካው ሳይሆን መብራት ወዳለበት መንገድ ይሂድ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመንጋ ሲመጡ መሮጥ ያባብሰዋል፤ ገመዱን አሳጥሮ፥ ቀስ ብሎ መሻገር ነው። ውሻ የሚፈሩ ልጆች አሉ፤ ውሻ እንዳይነካቸው በሃይማኖት ምክንያት የሚጠነቀቁ ጎረቤቶችም አሉ፤ እነርሱ መንገድ እንዲለቁልን ከመጠበቅ እኛው ተሻግረን እናልፋለን። ይህን ካደረግሁ ወዲህ ከሱቁ ፊት የሚቀመጡት ሽማግሌ ሰላምታዬን መመለስ ጀምረዋል።

እንዳጋጣሚ የማያውቁት ውሻ ቢነክስ፥ ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፥ ከዚያም ሳያድሩ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ «እስቲ ልየው» ማለት አይሠራም።

ክረምቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ይዘንባል፤ ጭቃ ነው። አሮጌ ጫማ ከበሩ ሥር ይቀመጥ፤ ዝናቡ ሲያባራ ይወጣል።

የቦቢ እግር ጠጕር አብቅሏል። ክቡ መሬት ግን እስካሁን ሣር አላወጣም፤ በየማታው ስፈታው አየዋለሁ። የሚቀጥለው ፈተና ከወር በኋላ ይጀምራል። በመኝታ ቤት የሚኖር አንድ የጎጃም ልጅ ጓደኛዬ የአገሩን ውሻ እየናፈቀ ስለሚያወራ፥ በፈተናው ሰሞን ማክሰኞና ኀሙስ እርሱ መጥቶ እንዲያወጣው ተስማምተናል። ደመወዙ የአክስቴ ሽሮ ነው። አክስቴ በአንድ ሳሕን ተስማምታለች፤ በጭማሪው ላይ ገና እየተነጋገርን ነው።