160 ከ167፦ ወላጅ ለምን አያምንም?

ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም በደጀን በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ዓባይን ተሻግሮ ገብረ ጉራቻን ያልፋል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች የታገቱት እዚያ አካባቢ ነው። ከቀናት በኋላ የኦሮሚያ ክልል ባለሥልጣን ከ167 ታጋቾች 160ዎቹ መለቀቃቸውን ተናገሩ። በዚህ ስሌት የቀሩት ሰባት ናቸው። ወላጆች ግን ብዙዎቹ ገና እንዳልመጡና አጋቾቹ ገንዘብ እየጠየቁ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የታገቱትን በተመለከተ መንግሥት በጥር ወር 21 ተማሪዎች ተለቀዋል ሲል የልጆቻቸውን ድምፅ ያልሰሙ ወላጆች ነበሩ። በዚያው ወር በአማራ ክልል ከተሞች ሕዝብ ሰልፍ ወጣ።

ስም ዝርዝር ያልተያያዘበትን ቁጥር ወላጅ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። እናት ያላት ማረጋገጫ የልጇ ስልክ ነው። ስልኩ ካልጠራ መግለጫውን አለማመኗ ትክክል ነው።

በገጠር የስም መዝገብ ችግሩ ልጁ ሳይጠፋም አለ። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከ100 ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። መወለዱ ያልተጻፈ ልጅ ሲጠፋ ከየትኛው መዝገብ ይጎድላል?

«ልጁ ጠፋ» የሚለው ቃል ራሱም ብዙ ነገር ያቅፋል። ጎጃም ውስጥ ቅኔ ፍለጋ ሳይሰናበት የኮበለለውም፣ ደላላ ከተማ የወሰደውም፣ የታገተውም ጠፋ ይባላል። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ሁሉ በአንድ ላይ ደምረው በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዓመት 1.5 ሚሊዮን ልጅ ይጠፋል ይሉ ነበር። ዴንቨር ፖስት ጋዜጣ ሲመረምር አብዛኞቹ ከቤት የኮበለሉ ወይም የተፋቱ ወላጆች የሚሻሟቸው ሆነው ተገኙ።

እዚያ ቁጥሩ አብጦ ነበር፤ እኛ ዘንድ የሚያንስባቸው ምክንያቶች ይበዛሉ። ከ2015 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። መምህሩ ስም ሲጠራ ዝም ያለውን ወንበር የሚያይ የለም። ልጁ የታገተበት ቤተሰብም አጋቾቹ ልጄን ይጎዱብኛል ብሎ ሳያመለክት ከዘመድ ለምኖ ይከፍላል። ያ ልጅ በፖሊስ መዝገብ አልታገተም፣ አልተለቀቀምም።

ማመልከት የቻለ ወላጅ የመዝገቡን ቁጥርና ቀኑን አስጽፎ ይያዝ። ልጁ ሲገኝም ተመልሶ ያስታውቅ፤ አለዚያ መዝገቡ ላይ እንደጠፋ ይቆያል።