ኳስ «ያድግበታል» ተብሎ አይገዛም

ለልጆች ልብስና ጫማ ስንገዛ ከልካቸው አንድ ቁጥር እንጨምራለን። የሸሚዙ እጅጌ ይታጠፋል፣ ጫማው ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፤ ዓመት ሳይሞላም ልክ ይመጣል። ኳስ ሲገዛ ግን ይህ ልማድ አይሠራም። ለሰባት ዓመት ልጅ «ትልቁን ስጠኝ፣ ያድግበታል» ተብሎ የተገዛ ቁጥር 5 ኳስ የሚታጠፍ እጅጌ የለውም።

ቁጥር 5 የአዋቂዎች ኳስ ነው። ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ትንሽ ልጅ ሲመታው ሩቅ አይሄድለትም። ስለዚህ ኃይል ለመጨመር በጣቱ ጫፍ መምታት ይለምዳል፤ ኳሱን በእግሩ ውስጠኛ ጎን አብርዶ መያዝም ያቅተዋል። ጓደኞቹ ሲያልፉት ይሰለቻል፤ ኳሱን ለታላቅ ወንድሙ ትቶ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ «ልጄ ኳስ አይወድም» የሚባለው ልጁ ልኩን ኳስ ሳያገኝ ነው።

በቦውሊንግ መጫወቻ ቤቶች ይህ ነገር ግልጽ ነው። ኳሶቹ ክብደታቸው ተጽፎባቸው ይደረደራሉ። ለልጅ ሦስት ኪሎ የማይሞላ ይሰጠዋል፤ ለጠንካራ አዋቂ ደግሞ ሰባት ኪሎ የሚያልፍም አለ። ለልጅ የአባቱን ኳስ የሚያሸክም የለም። የእግር ኳስም እንደዚሁ ሊታይ ይገባል።

ልኩ እንዲህ ነው፦ እስከ ስምንት ዓመት ቁጥር 3፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር 4፣ ከዚያ በላይ ቁጥር 5። ኳሱ ላይ የታተመው ቁጥር ሁልጊዜ ስለማይታመን የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ። የቁጥር 3 ዙሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የቁጥር 4 ከ63.5 እስከ 66 ነው።

አራዳ ለኳስ እንግዳ ሰፈር አይደለም። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን የመሠረቱት እዚሁ ነው፤ ስሙም የአራዳው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። አያቶች የሚያስታውሱት የጨርቅ ኳስ ደግሞ አንድ በጎ ነገር ነበረው። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ የሚሠራው ልጁ ራሱ ስለነበር ከእግሩ ጋር ይመጣጠን ነበር። ዛሬ ገዝተን ስንሰጠው ያንን ልክ የማግኘቱ ኃላፊነት የኛ ሆኗል።

ከልኩ ቀጥሎ የሚታየው መሬቱ ነው። በፒያሳና በአካባቢው ልጆች የሚጫወቱት ብዙውን ጊዜ ኮብልስቶን፣ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ላይ ነው። ለስላሳውና ውዱ ሽፋን ለሣር ይመቻል፤ ድንጋይ ላይ ግን በሳምንታት ውስጥ ይላጣል። ለሰፈር ጨዋታ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሽፋን ያለው ይሻላል። የፉትሳል ኳስ ብዙ ስለማይነጥር ለጠባብ ሲሚንቶ ሜዳ ጥሩ ነው። ሆኖም ለአዋቂ የሚሠራው ከ400 እስከ 440 ግራም ስለሚመዝን ለትንሽ ልጅ አይሆንም።

ሱቅ ውስጥ ሳሉ ከመክፈልዎ በፊት ኳሱ ይነፋልዎ። ለስላሳ ወለል ላይ ቀስ ብለው ያንከባሉት፤ እየተንገዳገደ ወደ ጎን ከሄደ ክብነቱ ችግር አለበት። ከራስዎ ቁመት ይልቀቁት፤ ነጥሮ ወገብዎን አለፍ ማለት አለበት። አየር ማስገቢያው ላይ ጠብታ ውኃ ያድርጉ፤ አረፋ ካወጣ ከመነዳሪው ወይም ቫልቩ ያፈሳል። ስፌቱንም በአውራ ጣትዎ ሳብ አድርገው ይዩት፤ ክሩ ሰፋ ብሎ ከታየ ብዙ አይቆይም።

ልጆች ኳስ ለማስነፋት የሚሮጡት ወደ ጎሚስታ ነው። ለመኪና ጎማ የተሠራው መሣሪያ ግን ኳሱን በሰከንዶች ውስጥ እንደ ድንጋይ ያደርገዋል፤ ስፌቱንም ይበጥሰዋል። ትንሽ የእጅ ፓምፕና ሁለት መርፌ አብሮ መግዛት ይበጃል። መርፌው ሳይገባ በፊት በውኃ ይርጠብ፤ በደረቁ ሲገባ ቫልቩን ይቀዳል። በሁለት አውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ጎድጎድ የሚል ኳስ ለልጅ በቂ ነው። ለዕረፍት ወደ ድሬዳዋ ቢወስዱት እዚያ ላልቶ ያገኙታል። ቆላ ላይ አየሩ ስለሚከብድ እንጂ ኳሱ ተበስቶ አይደለም። እዚያ ሞልተው ከነፉት ደግሞ ፒያሳ ሲመለስ ይጠነክራልና ትንሽ ያስተንፍሱት።

የጥንካሬው ነገር ከጨዋታ በላይ ነው። ከባድና የተወጠረ ኳስ በቴስታ ሲመታ ጉዳቱ ለልጅ አንጎልና አንገት ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2015 አሥር ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ኳስ በጭንቅላት እንዳይመቱ ወሰነ። የእንግሊዙ ማኅበርም በ2020 የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይሠሩ መመሪያ አወጣ። እርስዎም ለልጅዎ «በእግርህ ይበቃል» ማለት ይችላሉ።

በመጨረሻም ኳሱን የሚመታው እግር አብሮ ወደ ሱቅ ይሂድ። ልጅቷም ብትሆን እኩል ትምረጥ፤ የኳስ ቁጥር በዕድሜ እንጂ በጾታ አይለይም። አንሥቶ ይያዘው፣ ሁለቴ ይምታው፣ ከእግሩ ሥር ያንከባለው። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ቁጥር 3ቱ ያንሰዋል፤ ያኔ ለታናሹ ይተላለፋል፣ ለእሱም ቁጥር 4 ይገዛለታል። ያ ቀን እስኪመጣ ግን ልጁ ኳሱን ቤት አስቀምጦ አይጠብቅም፤ ይጫወትበታል።