ስለ ቁስል መድኃኒት ዕፀዋትና ስለ አጠናናቸው

በአገራችን ባህላዊ ሕክምና ለቁስልና ለትኩሳት ከሚሰጡት መድኃኒቶች የሚበዙት ከዕፀዋት የሚገኙ ናቸው። እነዚህን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው የቁስል ማመርቀዝ ነው፤ ይህም ባክቴሪያ በቁስሉ ውስጥ ሲራባ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ «ቁስሉ ተቆጣ» የሚለው ነው፤ ይኸውም ሰውነት ራሱን ሲከላከል የሚታየው መቅላት፥ ማበጥ፥ መጋልና መጠዝጠዝ ነው። ሦስተኛው ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ትርጓሜ መሠረት፥ ሴፕሲስ ማለት ሰውነት በገቡበት ተሕዋስያን ላይ የሚያነሣው መከላከል ሥርዐቱን ስቶ የገዛ ብልቶቹን የሚጎዳበት፥ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ነው።

እንግዲህ አንድ ቅጠል ባክቴሪያን ይገድላል ማለት የቁስልን ቁጣ ያበርዳል ማለት አይደለም፤ ሁለቱንም ቢያደርግ እንኳ ሴፕሲስን ይፈውሳል ማለት አይደለም።

ለዚህ ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በውስጡ ባክቴሪያን የሚገድለውን አሊሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ካቫሊቶና ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1944 ለይተው አስታወቁ። ነገር ግን አሊሲን ባልተነካ ሽንኩርት ውስጥ አይገኝም፤ ሽንኩርቱ ሲወቀጥ አሊን የተባለው ንጥረ ነገር አሊኔዝ ከሚባለው ኢንዛይም ጋር ተገናኝቶ ይፈጠራል። ሳይወቀጥ የተቀቀለ እንደ ሆነ ኢንዛይሙ በሙቀት ይበላሻልና ኀይሉ ይቀራል። ደግሞም አሊሲን ደም ውስጥ ሲገባ ወዲያው ስለሚፈርስ፥ በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ያሳየውን ሥራ በሕመምተኛው ደም ውስጥ ይደግመዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ጥሬውንም በቆዳ ላይ አስሮ ማቆየት ያቃጥላል።

ዳማከሴ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ቅጠሉ ታሽቶ ጭማቂው ምች ለመታው ሰው ይሰጣል፤ ሰውነቱም ይታሽበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ከቅጠሉ ተነጥሮ የወጣው ፈሳሽ የአይጦችን ትኩሳት እንዳበረደ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ምች የሚለው ስም ራስ ምታትን፥ ትኩሳትንና በከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል ያጠቃልላል፤ የከንፈሩም ቁስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቫይረስ እንጂ ከባክቴሪያ አይደለም። ስለዚህ የበሽታን የሕዝብ ስም በአንድ የሐኪም ቤት ስም ብቻ የተረጐመ አጥኚ ገና ከመነሻው ይሳሳታል።

በመሆኑም መድኃኒት ዐዋቂን የሚጠይቅ ተማሪ የተክሉን ስም ጽፎ ቢመለስ አይበቃውም። የታመመው ሰው ምን ምልክት እንደ ነበረው፥ ከተክሉ ቅጠሉ ወይስ ሥሩ እንደ ተወሰደ፥ እርጥብ ወይስ ደረቅ እንደ ነበረ፥ እንደ ተወቀጠ ወይም እንደ ተቀቀለ፥ መጠኑንም ጭምር መመዝገብ አለበት። አንድ ስም በየአገሩ ለተለያየ ተክል ሊሰጥ ስለሚችል፥ የተክሉን ናሙና አድርቆ ለዕፀዋት ሊቃውንት ማሳየት ያስፈልጋል። ከነጭ ሽንኩርት እንዳየነው፥ ከአዘገጃጀቱ አንዲት ነገር ብትጐድል የመድኃኒቱ ምሥጢር ሊጠፋ ይችላል። ዐዋቂዎቹም ሙያቸውን አብዛኛውን ጊዜ ለልጃቸው በምሥጢር የሚያወርሱ ስለ ሆነ፥ ሳይጻፍ የቀረው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ይህን ሁሉ ስንል የሕመምተኛውን ሕይወት መዘንጋት አይገባም። ቁስል ያለበት ሰው ትኩሳት ሲበረታበት ወይም ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ፥ ትንፋሹ ሲፋጠን፥ ሽንቱ ሲያንስ፥ ንግግሩ ሲቃዥ፥ ቅጠል እየቀያየሩ መቈየት ሞትን መጠበቅ ነው። ሴፕሲስ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላልና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ወደሚገኝበት ሐኪም ቤት ፈጥኖ ማድረስ ግዴታ ነው። የአባቶችን ዕውቀት ማክበር ማለትም በሚችለው ቦታ እንዲመረመር ማድረግ፥ በማይችለውም ቦታ ሰው እንዳይሞትበት መጠበቅ ነው።