ስለ ስልክ አፕዴት፤ መጫን ይሻላል ወይስ መተው?

በዛሬው ዘመን በየቤቱ ክርክር ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ፥ ስልክ «አዲስ አፕዴት መጥቷል» ብሎ ባስታወቀ ጊዜ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ልጆች ቶሎ ይጫን ይላሉ፤ እናቶች ግን ደኅና የሚሠራውን ነገር ምን አስነካው ብለው ይከለክላሉ። ሁለቱም ወገን በቂ ምክንያት አለውና፥ ነገሩን እንደ ዳኛ ከሁለቱም ሰምቶ መመርመር ይገባል ብለን አሰብን።

ስልክ ለመነጋገሪያ ብቻ በነበረበት ጊዜ ጥያቄው ቀላል ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ስልክ የገንዘብ ከረጢትም ሆኗል። በኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ደሴ ላሉት እናቱ የሚልከው ገንዘብ፥ የሐረጎን ዳገት በመኪና ሳይወጣ በቅጽበት ይደርሳል። ከወሎ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች ልጅም ድምፅዋና መልኳ ለእናቷ የሚደርሰው በዚሁ በስልክ ነው። የሟች አባት ፎቶግራፍም ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ ሳይኖረው በውስጡ ተቀምጧል። ስለዚህ አንዲት እናት አፕዴቱን ብትፈራ፥ የምትጠብቀው ነገር ስላላት ነው እንጂ ስላላወቀች ነው ሊባል አይገባም።

ፍርሃቱም መሠረት የሌለው አይደለም። መስከረም 14 ቀን 2007 ዓ.ም. አፕል ያወጣው አፕዴት የብዙ አይፎን 6 ባለቤቶችን ስልክ ከኔትወርክ ስላቋረጠው፥ ኩባንያው በዚያው ዕለት መልሶ ሰበሰበው። ይኸው ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮችን በአፕዴት አማካይነት ያዘገመ መሆኑን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አመነ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣልያ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፥ በአፕዴት ምክንያት ስልኮች ደክመዋል ሲል በአፕል ላይ 10 ሚሊዮን፥ በሳምሰንግ ላይ 5 ሚሊዮን ዩሮ መቀጫ ጣለ።

ዳሩ ግን አለመጫንም የራሱ አደጋ አለው። የስልኩን ሥራ ሁሉ የሚያዝዘው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተባለው ፕሮግራም እንደ ቤት ነው፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በየጊዜው ይገኝበታል፤ ሠሪውም እያገኘ ይደፍነዋል። መድፈኛው በታወጀ ጊዜ ግን ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ሌባውም ይሰማል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በኮምፒውተር ላይ የደረሰው ነገር ነው። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. መድፈኛውን ለሕዝብ አወጣ፤ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን በዓለም ላይ ተሰራጨ። በመካከሉ ሁለት ወር የሚያህል ጊዜ ነበረ፤ ይሁን እንጂ ሳይጭኑ የቆዩ ብዙዎች፥ ከነዚያም መካከል የእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች፥ ሥራቸው ታወከ። ደግሞም ያረጀ ስልክ ቀስ በቀስ ከሰው ይለያል፤ ዋትስአፕ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አንድሮይድ 4.4 በያዙ ስልኮች ላይ መሥራቱን አቁሟል።

እንግዲህ ፍርዱ አፕዴትን ሁሉ በአንድ ዓይን አለማየት ነው። ቀዳዳ ለመድፈን ብቻ የሚመጣው ትንሹ አፕዴት በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጫን ይሻላል፤ ሳይርቅ በቅርብ፥ ሳይደርቅ በእርጥብ ነውና። የስልኩን መልክና አሠራር የሚለውጠው ትልቁ አፕዴት ግን፥ ያው ዓይነት ስልክ ያላቸው ሰዎች ምን እንዳገጠማቸው እስኪሰማ ድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ አይጎዳም። ከተጫነ በኋላ ወደ ቀድሞው መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ቢቻልም በስልኩ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

በጽሕፈት ቤት ሥራ ግልባጩ ሳይቀመጥ ዋናው መዝገብ አይነካም። በቤትም እንዲሁ ፎቶግራፉና የስልክ ቁጥሩ ሁሉ አስቀድሞ በኮምፒውተር ወይም በፍላሽ ይገልበጥ። ባትሪው በሚገባ ቻርጅ ይደረግ፤ መብራት ቢጠፋ ሥራው በመካከል እንዳይቋረጥ። ትልቁ አፕዴት ብዙ ጊዜ ከአንድ ጊጋባይት ስለሚበልጥ፥ የተገዛውን ጥቅል እንዳይጨርስ ዋይፋይ ካለበት ቢወርድ ይመረጣል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ስፍራ ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን ለሚያስታውስ ሰው፥ መስመር በተገኘ ጊዜ የሚያስፈልገውን መጫን ብልኅነት መሆኑ አያጠራጥርም።

ደግሞ እጅግ የምናሳስበው አለ። እውነተኛው አፕዴት የሚመጣው ከስልኩ ከራሱ ሴቲንግ ውስጥ ነው። በቴሌግራም ወይም በመልእክት «ይህን ተጭነህ ስልክህን አድስ» የሚል ቢደርስ አይነካ፤ የቴሌብርን የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅም ከሆነ ሌባ ነው።

በመጨረሻም ፈቃዱ የባለ ስልኩ ነው። ልጅ ዐዋቂ ቢሆንም እናቱ ሳያውቁ መጫን አይገባውም። ምን እንደሚለወጥ አስረድቶ፥ ፎቶግራፉን በፊታቸው ገልብጦ፥ ከተጫነም በኋላ አብሮ ተቀምጦ ዐረብ አገር ያለችው እኅቱ እንደ ቀድሞው የምትገኝ መሆኗን ደውሎ ያሳያቸው። እንዲህ ከሆነ ልጁ የቸኮለበት ሥራ ይፈጸማል፤ እናቱም የጠበቁትን ነገር አያጡም።