ቀዩ አፈራችን ምን ነካው?

የነቀምቴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ቀዩን ጭቃ አይረሳውም። ከካልሲ ላይ በሳሙና ቢታሽ ቢታሽ ሙልጭ ብሎ አይለቅም። እኔም ያደግኩት ከዚሁ ጭቃ ጋር ነው። ይሁን እንጂ ስለ አፈሩ ምንም እንደማላውቅ የገባኝ አምና ነው። አባቴ ከነቀምቴ ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ያለችንን ማሳ «ባህር ዛፍ ልተክልባት ነው» አለኝ። «ማዳበሪያውን በየዓመቱ እጨምራለሁ፣ በቆሎው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። ምን ላድርግ?» የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና «ለምን?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

የአፈር ባለሙያዎች ይህን አፈር ኒቲሶል ይሉታል። ስሙ «አብረቅራቂ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። እውነትም ጓሉን ሰበር ብታደርጉት ፊቱ የተወለወለ ይመስላል። ከ30 በመቶ በላይ የሚሆነው ሸክላ ነው። እንደ ባሳልት ያለ ድንጋይ በሙቀትና በዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየበሰበሰ የፈጠረው ሲሆን፣ ቅላቱ የመጣው ከብረት ነው፤ ባጭሩ የዝገት ቀለም ነው ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ 200 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል። ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚገኘው በአፍሪካ ነው፤ በተለይም እንደ ኢትዮጵያና ኬንያ ባሉ አገሮች ደጋማ ቦታዎች።

ሸክላ ሲባል መረሬ ትዝ ይለን ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱ ለየቅል ናቸው። መረሬ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ቀዩ አፈር ግን ጥልቅ ነው፤ ትርፉን ውሃ ያሳልፋል፣ የሚበቃውን ይይዛል፣ ለማረሻም አያስቸግርም። የጊምቢ ቡና፣ የባኮ በቆሎ፣ እንዲሁም ጤፉ፣ ዳጉሳውና ኑጉ የሚበቅሉት በአብዛኛው በዚህ አፈር ላይ ነው። ከጭድ ጋር ተቦክቶም የቤታችን ምርጊት ይሆናል።

ታዲያ ምን ነካው? ዋናው ችግር አሲዳማነት ነው። የወለጋ ዝናብ ብዙ ነው፤ ካልሲየምንና ማግኒዢየምን እያጠበ ይወስዳል። እኛም ሰብሉን ከነአገዳው ጠራርገን እንወስዳለን። ዩሪያም በብዛት ሲጨመር አሲዱን ያባብሰዋል። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምርና የስሩን ጫፍ ይጎዳል። ፎስፈረሱን ደግሞ ብረቱና አሉሚኒየሙ አንቀው ይይዙታል። ስለዚህ አባቴ ማዳበሪያ ሲጨምር አፈሩን እንጂ በቆሎውን እያበላ አልነበረም! ነገሩ የኛ ማሳ ብቻ አይደለም፤ በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል።

መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። ከመዘራቱ በፊት በደንብ ከአፈሩ ጋር ከተደባለቀ አሲዱን ያበርዳል፤ ጥቅሙም ለተወሰኑ ዓመታት ይቆያል። ችግሩ ብዛቱ ነው። እንደ አፈሩ ሁኔታ ለአንድ ሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ በትኖ መጨረስ ለአንድ ገበሬ ቀላል ወጪ አይደለም። ፍግና ኮምፖስትም ያግዛሉ። የአካባቢያችን ገበሬዎች የከብቶቹን በረት ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ ማሳ ማዳበራቸው ለካ ትልቅ እውቀት ነው።

የኛን አፈር አስመረመርነው፤ ፒኤቹ 4.9 ሆኖ ተገኘ። አባቴ ውጤቱን ሰምቶ ዝም አለ። ባህር ዛፍ ቶሎ ብር ያመጣል፤ ነገር ግን ጉቶው እየተቆረጠ እያቆጠቆጠ መሬቱን ለብዙ ዓመት ይይዛል፤ ነቅሎ ወደ እርሻ መመለስ ደግሞ ፈተና ነው። በመጨረሻ ማሳውን ለሁለት ከፈለው። ግማሹን ለኖራና ለበቆሎ፣ ግማሹን ለባህር ዛፍ። «ባይሆንልኝ ዛፉ ይቀረኛል» አለኝ። እኔም ልከራከረው አልቻልኩም፤ የሚራበው ሳይንሱ ሳይሆን ቤተሰቡ ነውና።

የክፍል ጓደኞቼ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ብዙ ዜና እንሰራለን። ማዳበሪያው የሚገባበትን አፈር ግን ስንቶቻችን ጠየቅን? ዜናው ያለው እግራችን ስር ነው።